የካርታ ጥበበኞችን እጅ ፍለጋ፤ ከላ ሲዮታ እስከ ብልዋ

ሰው ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ አስቀድሞ ለማየት የሚመኘው የነገሥታቱን አዳራሽ፣ ታላላቁን ቤተ ክርስቲያንና በየአደባባዩ የቆመውን ሐውልት ነው። እኔም ወደ ፈረንሳይ አገር ለመሄድ ዕድል ባገኘሁ ጊዜ ይህን ሁሉ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ተመልክቻለሁ። ዳሩ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን ስቦ ከከተማ ወደ ከተማ የመራኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ከ130 ዓመት ያህል በፊት የተነሣ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ፣ ድምፅ የሌለው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። በዚህ ሥዕል ውስጥ በካርታ ጥበቡ በኤውሮፓ ከተሞች ስሙ ሲጠራ የኖረ አንድ ሰው ከወዳጆቹ ጋራ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ይታያል። የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ ይህን ሰውና እርሱን የመሳሰሉትን የእጅ ጥበበኞች ለመፈለግ ከባሕር ዳር ተነሥቼ እስከ ሎዋር ወንዝ የሄድሁበትን መንገድ እነሆ እነግራችኋለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ይገባኛል። በአገራችን በእጁ ቅልጥፍና ሰውን የሚያስደንቀውን ሰው ምትሃተኛ ወይም አስማተኛ እያልን ከጠንቋይ ጋራ አንድ አድርገን እንቈጥረዋለን። ፈረንሳዮች ግን «ፕሬስቲዲዢታተር» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ትርጓሜውም «ጣተ ፈጣን» ማለት ነው። ስሙ ራሱ እውነቱን ይገልጣል፤ ሰውዬው መናፍስት የሚጠራ አይደለም፤ ጣቶቹን ብዙ ዓመት ያስተማረ ባለ ሙያ ነው እንጂ። አንዲት ካርታ በመዳፉ ውስጥ ሸሽጎ እጁን ባዶ አስመስሎ ያሳያል፤ ወይም ካርታዋን በጣቶቹ ጀርባ ይዞ መዳፉን ይዘረጋል። የተመልካቹ ዓይን ግን እርሱ ወደ ተመለከተበት ስለሚሄድ ሥራው የሚፈጸምበትን እጅ አያየውም። እኔ የፍርድ ቤት ጸሓፊ ስለ ሆንሁ ምስክር ሁሉ «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» እያለ የሚሰጠውን ቃል ስጽፍ ብዙ ዘመን አሳልፌአለሁ። ስለዚህ ዓይን በጠራራ ብርሃን፣ በሁለት ክንድ ርቀት፣ ነቅቶ ሳለ የሚታለልበት ጥበብ ለእኔ የጨዋታ ነገር ብቻ ሆኖ አልታየኝም።

ጕዞዬን የጀመርሁት ከማርሴይ ነው። ከዚያ በባቡር ወደ ምሥራቅ ጥቂት እንደ ሄዱ ላ ሲዮታ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ ይደረሳል። ከወደቧ በላይ አንድ ታላቅ ዐለት ወደ ባሕሩ አዘንብሎ ቆሟል፤ ቅርጹም የወፍ አፍ ስለሚመስል የአገሩ ሰዎች «የንስር መንቈር» ይሉታል። ከተማይቱ ለብዙ ትውልድ ታላላቅ መርከቦች የሚሠሩባት ነበረች፤ ዛሬ በዚያው ወደብ የባለጠጎች የመዝናኛ መርከቦች ይታደሱበታል። ከሊዮን ከተማ የመጣው የፎቶግራፍ ዕቃ ፋብሪካ ባለቤት ሙሴ አንቷን ሉሚየር በዚህ የዕረፍት ቤት ነበረው። በ1895 ሲኒማቶግራፍ የተባለውን መሣሪያ ሠርተው ለዓለም ያሳዩት ኦጉስትና ሉዊ የእርሱ ልጆች ናቸው። ባቡር ወደ ጣቢያ ሲገባ የሚያሳየው በዓለም ሁሉ የታወቀው ፊልም የተነሣው በዚህችው ከተማ ጣቢያ ነው። በ1889 የተከፈተው ኤደን የተባለው ቴያትር ቤትም በ2013 ታድሶ እንደ ገና ተከፍቷል፤ በዓለም ካሉት የሲኒማ ቤቶች ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ እርሱ ነው እያሉ የከተማይቱ ሰዎች ይኰሩበታል።

እኔ የፈለግሁት ፊልም የተነሣው ግን በጣቢያው አይደለም፤ በ1896 በሉሚየር ቤት አትክልት ውስጥ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን እንደ ደፉ በአንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። አንዱ የቤቱ ጌታ ሙሴ አንቷን ነው፤ ሁለተኛው የሁለቱ ልጆቹ አማት የሆነው ቢራ ጠማቂው ሙሴ ቪንክለር ነው፤ ሦስተኛውም የእጅ ጥበበኛው ፌሊስየን ትረዌ ነው። የሚጫወቱት ኤካርቴ የተባለውን የካርታ ጨዋታ ነው። አሽከሩ በሰሃን ጠርሙስና ብርጭቆ ይዞ ይመጣል፤ ቢራው ይቀዳል፤ ካርታው ይጣላል፤ አሽከሩም በጨዋታው እየተደነቀ ከመጠን በላይ ይስቃል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ያልቃል።

ትረዌ ማን እንደ ነበረ ለማያውቅ ሰው ይህ ተራ የወዳጆች ጨዋታ ነው። እርሱ ግን በ1848 በአንጉሌም ከተማ ተወልዶ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ቴያትሮች የታወቀ ባለ ሙያ ነበረ። ካርታ ከመድረክ ላይ ሲወረውር እስከ አዳራሹ ዳርቻ ይደርስለት ነበር፤ በሁለት እጁ ጥላ በግድግዳ ላይ የሰውና የእንስሳ መልክ ይሠራ ነበር። ለሙሴ አንቷን የቅርብ ወዳጅ ስለ ነበረም በየካቲት 1896 ሲኒማቶግራፉን ለለንደን ሕዝብ መጀመሪያ ያሳየው እርሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ካርታ ይዞ በፊልም ተነሥቷል ቢሉኝ ከጥበቡ አንዱን አይ መስሎኝ ነበር። ፊልሙን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ደጋግሜ ተመለከትሁት፤ ጣቱን ከዓይኔ አላራቅሁም። ምንም አያደርግም፤ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ካርታውን ይጥላል እንጂ። በመጀመሪያ አዘንሁ፤ ኋላ ግን «ሙያ በልብ ነው» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ትዝ አለኝ። አምሳ ሁለቱን ካርታ እንደ ወደደ ሊያዛቸው የሚችል እጅ በወዳጅ ገበታ ላይ ችሎታውን አጥፎ እንደ ሌላው ሰው ሲጫወት ማየት ራሱ አንድ ነገር ነው። የዚህን ትርጕም በደንብ የተረዳሁት ግን በመጨረሻው ከተማ ስለ ሆነ ወደ ኋላ አቈየዋለሁ።

ከላ ሲዮታ ተነሥቼ የሮንን ወንዝ ሽቅብ ተከትዬ ወደ ሊዮን ሄድሁ። ሞንፕሌዚር በሚባለው ሰፈር ሙሴ አንቷን ያሠራው ታላቅ ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፤ በአጠገቡ ያለው መንገድም «የመጀመሪያው ፊልም ጐዳና» ተብሎ ይጠራል፤ በ1895 የፋብሪካው ሠራተኞች ከሥራ ሲወጡ የተነሡት በዚያ ነውና። መሣሪያውን በመስተዋት ውስጥ አየሁት፤ ከትንሽ ሣጥን አይበልጥም። አንድ ሰው በእጁ መዘውሩን ሲያዞረው በአንድ ሴኮንድ 16 ያህል ሥዕል ያነሣል። የፊልሙ ርዝመት 17 ሜትር ያህል ሲሆን ጊዜውም 50 ሴኮንድ ያህል ነው። ሒሳቡን ላደረገ ሰው የትረዌ የካርታ ጨዋታ 800 ያህል ሥዕል ብቻ ነው ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ትረዌ የተነሣባቸው ፊልሞች አሉ፤ በአንዱ ሰሃኖችን ያሽከረክራል፤ በሌላው መካከሉ ክፍት የሆነ ክብ ጨርቅ በእጁ እያጠፈ ልዩ ልዩ ባርኔጣ ይሠራና በየባርኔጣው መልኩን እየለወጠ ሌላ ሰው ይሆናል። እነዚህን በማየት የእጁን ፍጥነት በጥቂቱ ለመገመት ይቻላል።

እንዲህ ያሉ ፊልሞች ስለ ምን ጥቂት እንደ ሆኑ ለሚጠይቅ ሰው ምክንያቱ ብዙ ነው። አንደኛ፣ የጥንቱ ፊልም የሚሠራበት ሴሉሎይድ እንደ ባሩድ ፈጥኖ የሚቃጠል ነበረ፤ ሳይቃጠል የቀረውም በሙቀትና በእርጥበት እየተበላሸ ዱቄት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ፊልም ያን ጊዜ እንደ ጋዜጣ አንድ ሰሞን ታይቶ የሚጣል ሸቀጥ እንጂ የሚጠበቅ ቅርስ አይመስልም ነበር። ሦስተኛም ምክንያት ከጥበበኞቹ ዘንድ ነው። በቴያትር አዳራሽ አንድ ሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ይታያል፤ ተመልካቹ «ድገመው» ቢል አይደገምለትም። ፊልም ግን መቶ ጊዜ ይደገማል፤ ዓይኑ አይሰለችም፤ ጥበበኛው በጨዋታ ወደ ሌላ ቢመልሰው አይመለስም። ስለዚህ ምስጢሩን እንጀራው ያደረገ ሰው በዚህ መሣሪያ ፊት ለመቆም ቢያመነታ አይደንቅም። የሉሚየር ቤት ሥራ ግን በመልካም ተጠብቆ ከ1400 በላይ ፊልሞች ለዛሬ ደርሰዋል፤ በ2005ም ዩኔስኮ በዓለም መታሰቢያ መዝገብ ጽፎታል።

ከሊዮን ወደ ፓሪዝ ገባሁ። በካፑሲን ጐዳና በቍጥር 14 ካለው ቤት ግድግዳ ላይ የድንጋይ ጽሕፈት አለ፤ በታኅሣሥ 28 ቀን 1895 በዚህ ቤት ምድር ቤት ሲኒማቶግራፍ ለሕዝብ በገንዘብ ታየ። በዚያች ማታ አንድ አንድ ፍራንክ ከፍለው የገቡት 33 ሰዎች ብቻ ነበሩ ይባላል። ከተጠሩት እንግዶች መካከል ግን አንዱ ከሁሉ የበለጠ ተደንቆ ወጣ፤ እርሱም ዦርዥ ሜልየስ የተባለው የምትሃት ቴያትር ጌታ ነው። ወዲያው መሣሪያውን ለመግዛት ለሙሴ አንቷን አሥር ሺህ ፍራንክ ሰጥቶ እንደ ነበረና እንደ ተከለከለ ራሱ ተርኳል። ከዚያ ወዲያ ወደ ለንደን ሄዶ ሮበርት ፖል ከተባለ ሠራተኛ ሌላ መሣሪያ ገዛ።

የሜልየስ ቴያትር የነበረበትን ስፍራ ለማየት በዚያው በሰፊው መንገድ ወደ ምሥራቅ በእግሬ ሄድሁ። በኢጣልያን ጐዳና በቍጥር 8 የነበረው ይህ ቤት የሮቤር ኡዳን ቴያትር ይባል ነበር፤ ሜልየስ በ1888 ገዝቶት ነበር። ዛሬ በስፍራው ምንም የለም፤ ታላቁን የኦስማን ጐዳና ለማስረዘም በ1920ዎቹ ፈርሷል። ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ከእግሩ በታች ስንት ዘመን ርግብና ካርታ ሲሰወሩበት የነበረ መድረክ እንደ ነበረ የሚያስብ የለም። ቤቱ ራሱ እንደ ባለቤቶቹ ሥራ ተሰወረ ብዬ በልቤ አሰብሁ።

አሁን የሚያስደንቀውን ነገር ስሙ። ሜልየስ መሣሪያውን ካገኘ በኋላ በ1896 ያነሣው የመጀመሪያ ፊልም ምንድር ነው ቢባል በሞንትረይ በቤቱ ግቢ ውስጥ ከዘመዶቹና ከወዳጆቹ ጋራ ካርታ ሲጫወት የሚያሳይ ነው። የሉሚየርን ፊልም በመከተል ያደረገው ነው። እንግዲህ በዚያች አንዲት ዓመት ሁለት ታላላቅ የምትሃት ጥበበኞች ካርታ ይዘው በፊልም ተነሡ፤ ሁለቱም ከጥበባቸው አንዳች አላሳዩም። ዳሩ ግን ሜልየስ በዚሁ ዓመት ሌላ ነገር አገኘ። ራሱ እንደ ተረከው በኦፔራ አደባባይ ፊልም ሲያነሣ መሣሪያው ለጥቂት ጊዜ ቆመበት፤ እንደ ገና ሲሠራና ፊልሙ ሲታይ ግን የሕዝብ ማመላለሻው ሰረገላ በድንገት ተለውጦ የሬሳ ሰረገላ ሆነ። ከዚህ በኋላ ፊልሙን እየቈረጡ በመቀጠል ሴትን ከወንበር ላይ መሰወር፣ አንዱን ነገር ወደ ሌላ መለወጥ ተቻለ። በ1905 በሠራው ስለ ካርታዎች በሚናገረው ፊልም አንዲት ትንሽ ካርታ እያደገች የሰው ቁመት ታህላለች፤ በላይዋ የተሣለችው ንግሥትም ሕያው ሴት ሆና ትወጣለች።

ይህን ፊልም ካየሁ በኋላ በዚያ ጐዳና ላይ ቆሜ ብዙ አሰብሁ። ሲኒማ ለእጅ ጥበበኞች ወዳጅም ጠላትም ሆኖ መጣ። ወዳጅነቱ ያለ እርሱ ከሞቱ ጋራ ይሞት የነበረውን እጅ ሕያው አድርጎ ማቈየቱ ነው። ጠላትነቱም ሃያ ዓመት የተማሩትን የጣት ሥራ በመቀስና በሙጫ ማድረግ ማስቻሉ ነው። ሰው ፊልም በመቈረጥ ካርታ እንደሚሰወር ካወቀ በኋላ እውነተኛውን ጣተ ፈጣን በፊልም ቢያይ «ቈርጠው ቀጥለውት ነው» ይላል። ዛሬማ መሣሪያው ያልነበረ ሰውን እንደ ነበረ አድርጎ በሚያሳይበት ዘመን ይህ ጥርጥር ወደ ፍርድ ቤታችንም ገብቷል። ስለዚህ የጥንት የካርታ ፊልም ዋጋው የሚታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቈረጥ፣ እጅና ፊት አብረው እየታዩ የተነሣ እንደ ሆነ። ያልተቈረጠ ፊልም እንደማይዋዥቅ ምስክር ነው፤ አንድ ጊዜ የተናገረውን መቶ ጊዜ ቢጠይቁት ያንኑ ይናገራል።

በአገራችን በአዲስ አበባ ከጥንቶቹ የሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ይጠራው እንደ ነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ በአባቶቹ ይስቃል። እኔ ግን ሜልየስ በዚያው መሣሪያ ያደረገውን ካየሁ በኋላ መሳቅ አልቻልሁም። አባቶቻችን በስሙ ተሳስተው ይሆናል፤ ዓይን ያየውን ሁሉ ማመን እንደማይገባው ግን ቀድመው ተረድተውታል።

የሜልየስ ፍጻሜ የሚያሳዝን ነው። ከ500 በላይ ፊልም ከሠራ በኋላ ከ1914ቱ ጦርነት ወዲህ ሀብቱ ጠፋ፤ የፊልሞቹ ከፊል ቀልጦ ለወታደር ጫማ ተረከዝ እንደ ዋለ ይነገራል። በ1923 የሞንትረይን ቤቱን በለቀቀ ጊዜ በእጁ የቀሩትን የፊልም እናቶች በቍጣ አቃጠላቸው። ከዚያም በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ውስጥ የልጆች መጫወቻ ሲሸጥ ኖሮ በ1938 ሞተ። ከፊልሞቹ ወደ 200 የሚሆኑት ከየአገሩ ተሰብስበው ዛሬ ይገኛሉ። በፓሪዝ የፊልም መዝገብ ቤት ውስጥ በ2021 በስሙ የተከፈተ ሙዚየም አለ፤ በዚያ ዕቃውንና ሥዕሉን አይቼ ስወጣ ሐሳቤ ወደ እሳቱ ይመለስ ነበር።

በዚያች ማታ በሆቴሌ ሳለሁ ሌላ የካርታ ሰው ያለበትን ፊልም ተመለከትሁ፤ የተነሣው ከሜልየስ ሞት በኋላ በአሜሪካ ነው። ሰውዬው በዌልስ አገር በ1895 የተወለደ፣ በመድረክ ስሙ ካርዲኒ የተባለ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ በምሽግ ውስጥ ሳለ ብርዱ ስለ ጠናበት ጓንቲውን ሳያወልቅ በካርታ ይለማመድ ነበር ይባላል፤ ከዚህም የተነሣ ሌላው በባዶ እጁ የሚያስቸግረውን ሥራ እርሱ በነጭ ጓንቲ ይሠራው ጀመር። ሥራው የተነሣው በ1957 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ነው። በሙሉ የማታ ልብስ፣ ባለ አንድ ዓይን መነጽር አድርጎ፣ ትንሽ ሞቅ ያለው ጨዋ ሰው መስሎ ይገባል። ካርታዎቹ ሳይጠራቸው በጣቶቹ መካከል ይበቅላሉ፤ ይጥላቸዋል፤ ሌሎች ይመጣሉ፤ እርሱም እንደ ተመልካቹ ይደነግጣል። ሚስቱ ስዋን የሆቴል አሽከር ልብስ ለብሳ ታገለግለዋለች። እኔ እያቆምሁና እየመለስሁ ብመለከተው እንኳ ካርታው ከየት እንደሚመጣ ለማየት አልቻልሁም። በዚህም ጊዜ ትረዌ ያልሰጠኝን አገኘሁ፤ ጥበቡ በእውነት የእጅ ከሆነ ማይሰለቸው ዓይን ፊት ቢቆምም አያፍርም።

በመጨረሻም ከፓሪዝ በባቡር ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርጄ ብልዋ ገባሁ። ብልዋ በሎዋር ወንዝ ዳር በኮረብታ ላይ የተሠራች የነገሥታት ከተማ ናት። በአደባባዩ በአንድ ወገን ታላቁ ግንብ ቆሟል። ንጉሥ ሄንሪ ሣልሳዊ የጊዝን መስፍን ለምክር እንደሚፈልገው አስመስሎ አስጠርቶ በታኅሣሥ 23 ቀን 1588 ያስገደለው በዚህ ግንብ ውስጥ ነው። በንግሥት ካትሪን ክፍልም በእንጨት ሥራው ውስጥ የተሰወሩ ቍም ሣጥኖች አሉ፤ የሚከፈቱትም ከግርጌ ያለውን መርገጫ በእግር ሲጫኑት ነው። በአደባባዩ በሌላው ወገን፣ ልክ በግንቡ ትይዩ፣ በ1998 የተከፈተው የምትሃት ቤት አለ። በየጊዜው መስኮቶቹ ይከፈቱና የወርቅ መልክ ያላቸው የዘንዶ ራሶች እየተንቀሳቀሱ ብቅ ይላሉ፤ ልጆችም ይጮኻሉ። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ ሳለ በአንድ አደባባይ ላይ ሁለት ዓይነት ማታለል ፊት ለፊት ሲተያዩ አየሁ፤ አንዱ የሚገድል ነው፤ አንዱ የሚያስቅ ነው።

ቤቱ የተሠራው የከተማይቱ ልጅ ለሆነው ለዣን ኡዤን ሮቤር ኡዳን መታሰቢያ ነው። በ1805 ከሰዓት ሠሪ አባት ተወለደ፤ እርሱም ሰዓት ሠሪ ነበረ። ራሱ በጻፈው ታሪኩ የሰዓት ሥራ መጽሐፍ ለመግዛት ሄዶ ሻጩ በስሕተት የምትሃት ምስጢር ያለበትን መጽሐፍ እንደ ሰጠውና ሕይወቱ ከዚያች ማታ ጀምሮ እንደ ተለወጠ ይናገራል። እጁንም በኪሱ ውስጥ ከትቶ በመንገድ ሲሄድ ሳይቀር ይለማመድ ነበር። በ1845 በፓሪዝ ቴያትር ከፈተ፤ የጠንቋይ ቀሚስ ትቶ እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው በማታ ልብስ በሕዝብ ፊት ቆመ። በ1861 ደግሞ ካርታ በሚጫወቱበት ገበታ አታላዮች የሚሠሩትን ተንኰል ሁሉ የሚገልጥ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ እንደምንረዳው የጥበበኛው እጅና የሌባው እጅ የሚያውቁት ሥራ አንድ ነው፤ ካርታ ሲበውዙ የምትፈለገውን ከላይ ማስቀረት፣ ሲያድሉም ከሥር መስጠት ነው። ልዩነቱ ግን ጥበበኛው «አታልላችኋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መናገሩ ነው። የትረዌ ፊልም ትርጕም የገባኝ እዚህ ላይ ነው። በወዳጅ ገበታ ላይ ሲቀመጥ እንዲህ ብሎ አልተናገረምና እጁን አጠፈ።

ሮቤር ኡዳን ራሱ ግን ይህን ሥርዓት የሚፈትን ነገር ገጠመው። በ1856 የፈረንሳይ መንግሥት ወደ አልጄርያ ላከው፤ ምክንያቱም በሕዝቡ ዘንድ የተፈሩትን የሃይማኖት ሰዎች በምትሃቱ እንዲበልጥና ሕዝቡ ፈረንሳይን እንዲፈራ ነው። እንደ ተረከው አንድ ጠንካራ ሰው ትንሽ ሣጥን እንዲያነሣ አደረገ፤ ከወለሉ በታች የተሰወረው የኤሌክትሪክ ማግኔት ሣጥኑን ስለ ያዘው ሰውዬው ጕልበቱ የተወሰደበት መሰለው። ኋላ ነገሩ ሁሉ የጥበብ ሥራ መሆኑን በአስተርጓሚዎች እንዲነገር አድርጓል። ነገር ግን ፍርሀቱ ቀድሞ ገብቷል። አገሩን በሰው ኀይል የተነጠቀ ሕዝብ በጨዋታ ስም ሲፈራራ፣ ሣቁ የት አለ? ጥበቡ ያው ነው፤ እጁም ያው ነው፤ «አታልላችኋለሁ» የሚለው ቃል ግን ዘግይቶ መጣ።

የሮቤር ኡዳንን እጅ በፊልም ለማየት አይቻልም፤ ሲኒማ ሳይፈጠር በ1871 ሞቷል። መጽሐፎቹና የሠራቸው መሣሪያዎች አሉ፤ የጣቶቹ አካሄድ ግን የለም። በዚህ ጊዜ በልጅነቴ ቍም ጽሕፈት ያስተማሩኝ የኔታ ትዝ አሉኝ። ብራናውን በጕልበታቸው ላይ አድርገው የመቃ ብርዓቸውን በትንሽ ካራ ሲቀርጹ፣ ከቀለሙ ነክረው ፊደሉን ሲጥሉ፣ እጃቸው የሚንቀሳቀስ አይመስልም ነበር፤ መስመሩ ግን ይሞላ ነበር። የኔታ ዐርፈዋል። የጻፉት መጽሐፍ ይነበባል፤ ብርዑን እንዴት ይዘው እንዴት ያዞሩት እንደ ነበር ግን ለልጄ ለማሳየት ብሞክር የእኔ እጅ አይታዘዝልኝም። የእርሳቸውን እጅ 50 ሴኮንድ ያህል እንኳ ያነሣ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ በዚህ ጕዞ ያገኘሁትን ለአንባቢዎች በአጭር ቃል ልናገር። ካርታ በሚሰውር ሰው የተደነቅሁት ካርታው በመሰወሩ አይደለም፤ ካርታው ይመለሳል። የማይመለሰው እጁ ነው። በየቤታችሁና በየግዛታችሁ በገና የሚደረድሩ፣ ብራና የሚፍቁ፣ ወርቅ የሚያነጥሩ፣ ሸማ የሚሠሩ አረጋውያን አሉ። ዛሬ ከሉሚየር ሣጥን የሚበልጥ መሣሪያ በብዙ ሰው ኪስ ውስጥ ይገኛል። እባካችሁ ከፊታቸው ቁሙና ሳትቈርጡ፣ ፊታቸውንና እጃቸውን አንድነት አድርጋችሁ አንሡዋቸው። ቢስቁባችሁም አንሡ፤ «ምን ይታያል» ቢሉም አንሡ። ትረዌም በዚያ አትክልት ውስጥ ካርታውን ሲጥል ምንም የሚታይ አልመሰለውም ይሆናል።